የሰኔ ቦይ

ሚያዝያ 13 ቀን 2017፣ ሐዋሳ፣ ቱላ

ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ሰፈሩን አጨቅይቶታል። ባጃጆች ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ጥግ ላይ የቦዩ ክዳን ተሰብሯል፤ ጎርፉም ቦዩን ትቶ በኮብልስቶኑ ላይ ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፦ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ፣ የእንሰት ኮባ፣ በላዩ ላይ ከላይኛው ሰፈር ታጥቦ የመጣ አሸዋ። ሻይ የምታፈላው ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አምና ነው የተመረቀው» አለችኝ።

ሚያዝያ 29

የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራን፤ አጀንዳው የመጪው ዓመት የልማት ፍላጎት ነው። መንገድ፣ መብራት፣ ቦይ ተባለ፤ እንደ ወትሮው። ሐዋሳ ከ2010 ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ በ117 ከተሞች ሲሠራበት የቆየው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ውስጥ ነበረች። ገንዘቡ በየዓመቱ በሚደረግ ምዘና ውጤት ይለቀቅ ስለነበር፣ ሕዝብ መወያየቱን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ትልቅ ዋጋ ነበረው። በዚህ በኩል ደህና ሠልጥነናል፤ ቃለ ጉባኤያችን ያምራል። «የተሠራውንስ ማን ይጠርገዋል?» ብዬ ስጠይቅ ግን ሰብሳቢው «እሱ በሌላ መድረክ ይታያል» ብለው አለፉት።

ግንቦት 14

የከተማው ምክር ቤት አባላት ለመስክ ምልከታ መጡ። ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ጭቃው ሳይቀር ደርቋል። አዲሱን ቦይ ዳር ዳሩን እየተራመዱ አዩት። ጥያቄው አፈጻጸሙ ስንት በመቶ ደረሰ፣ ክፍያውስ ስንት ተከፈለ የሚል ነው። መልሱ ከወረቀት ተነበበ።

አንዲት ጠና ያሉ አባል ብቻ «ውኃው ከዚህ በኋላ የት ይሄዳል?» አሉ። መሐንዲሱ በእጁ ወደ ታች አሳየ። «እንሂድና እንየዋ!» ሄድን። ሲሚንቶው አንድ የእንሰት ማሳ አፍ ላይ ደርሶ ያልቃል። ከዚያ በታች ጎርፉ ራሱ የቆፈረው ቦረቦር ነው፤ ሰው ቢገባበት ራሱ አይታይም። ግድግዳው ላይ የእንሰት ሥሮች ተንጠልጥለዋል። ባለማሳው አባት «እናንተን ከጎርፍ አዳናችሁ፣ እኔ ላይ ለቀቃችሁት» አሉ። ሴትዮዋ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ፤ ሌሎቹ ወደ መኪናው ማምራት ጀምረው ነበር።

ያ ሁሉ አፈር ማረፊያው ሐይቁ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃን ይቀበላል እንጂ የሚያወጣው ወንዝ የለውም፤ የገባበት ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ሞልቶ ከተማዋን ሲያስቸግር ዳሩ ላይ ግድብ ተሠራለት፤ ዛሬ ሰው ይናፈስበታል። የላይኛውን አፈር መያዝ ላይ ግን ይህን ያህል አልተተጋም።

ሰኔ 8

በዝናብ መሐል ሲሚንቶ ይቦካል። በጀት ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፤ ጨረታው፣ ውሉ፣ ቅድሚያ ክፍያው ሲንከባለል በጋው ያልቃል። በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግን ሰኔ ላይ ሁሉም ይሮጣል። እዚህ ደግሞ በልጉ ከመጋቢት ጀምሮ ነው የሚዘንበው። ምክር ቤቱ በጀት አጽዳቂ ነውና ሌላው ቢቀር የቦይ ጨረታ መስከረም ላይ ይውጣ ማለት አያቅተውም።

ደፍሮ ይጠይቅ ይሆን? ከንቲባውን የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው፤ ግን ሁለቱም የአንድ ፓርቲ ቤት ናቸው። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በቀር የከተማና የቀበሌ ምርጫ ከሚያዝያ 2005 ወዲህ አልተደረገም፤ የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነበር። ለመራጭ የማይመለስ ተመራጭ ሪፖርት ቢያዳምጥ አይገርመኝም።

ሐምሌ 12

የቦዩን ነገር ለምክር ቤቱ በደብዳቤ ጻፍን። ቢሮው ውስጥ አንዱ «የዋናው አስፋልት ዳር ከሆነ የፌዴራል ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ የሞያሌው መንገድ በከተማው ምክር ቤት አይታዘዝም። ጎርፉ ግን ከአስፋልቱ ወርዶ የቀበሌው ቦይ ውስጥ ሲገባ ወሰን አይጠይቅም። የፌዴራሉና የከተማው መሥሪያ ቤቶች አብረው ይጠሩ የሚል መስመር ጨመርንበት። የሚቀጥለው ምልከታ ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ ይሁን ብለናል፤ ቦት ጫማ ለሌለው እኛ እናውሳለን።