አቅምን ያወቀ ግዢ

20 ዓመት ያገለገለችን አውቶሞቢል፥ ጥገናዋ የልጆቻችንን የትምህርት ቤት ክፍያ መሻማት ስለ ጀመረ፥ በሌላ ልንተካት ተማከርን። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ምርጫችን ሁለት ሆነ፤ ይኸውም አስቀድማ የገባች ቪትዝ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

የኤሌክትሪኳ ቤንዚንም የሞተር ዘይትም አትሻም፤ ነገር ግን በኪራይ ግቢያችን የምትሞላበት መስመር የለም። ባለቤቴም፥ «መኪናው ቤቱን ይርዳ እንጂ ቤቱ መኪናውን አይጡር» አለች። ስለዚህ 1000 ሲሲ ሞተር ያላትንና መለዋወጫ በቀላሉ የሚገኝላትን ቪትዝ መረጥን።

አንባቢ ሆይ፥ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና፥ ቀብድ ከመስጠትህ አስቀድመህ ፍሬኗን በታመነ መካኒክ አስመርምር፤ የሻንሲዋም ቁጥር ከሊብሬው ጋር መስማማቱን አረጋግጥ።