ጥላሁንን ለጥላሁን እንተውለት

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ዘፈን የምንሞክር ሰዎች አንድ የጋራ አመል አለብን፤ ሠርግ ላይ ማይክ ስንይዝ ሁላችንም ጥላሁን ገሠሠን መሆን ያምረናል። ጉሮሯችን ግን አይፈቅድም፤ ሠርገኛውም ያውቃል።

መኮረጅ በራሱ ነውር አይደለም። የጅማው ልጅ ዓለማየሁ እሸቴ የጀመረው ኤልቪስ ፕሪስሊን እየመሰለ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሲያርፍ ግን አገር ያለቀሰው ለራሱ ለዓለማየሁ ድምፅ ነው።

እኔን የጠቀመኝ ኪቦርድ ተጫዋቹን «ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» ማለት መልመዴ ነው። ከፍ ብሎ መጮህ ችሎታ ይመስለን ነበር! ሌላው ነገር ድምፅን በልኩ መያዝ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው፣ አንዷ ከተዛነፈች የሚሸፍናት የለም። ስለዚህ አሁን አምስቱን በ«አ» ብቻ፣ ሳላርገበግብ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ ቀጥ አድርጌ እይዛቸዋለሁ። ማርገብገቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን የተዛነፈውን ድምፅ መደበቂያ አድርገነዋል።

ከዚያ በስልክ ቀድቶ መስማት። የራስን ድምፅ መስማት ያስጠላል፤ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ አስተማሪ በነፃ አይገኝም። (የእኛ አገር ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቀረጻ አይታሰብም። ያኔ የልብን መጮህ ነው፣ ጎረቤት አይሰማም።)

ለእኔ ድምፅ ባቲ ከትዝታ ይልቅ ይስማማዋል። እናንተስ የትኛው ቅኝት ይመቻችኋል? እስቲ ቀድታችሁ ላኩልኝ፤ ሳልስቅ እሰማለሁ።