ከእህቴ ጋር ጭጋግ አስታረቀን

ከወንድም ወይም ከእህት ጋር ተኳርፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ያውም 14 ወር ሙሉ! የምንኖረው አንድ ከተማ፣ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ ነው። ከእሷ ቤት እኔ ቤት በአውቶቡስ 20 ደቂቃ አይሞላም። ግን በዓል ሲመጣ እንኳ አንደዋወልም ነበር። እንዴት እንደታረቅን ላጫውታችሁ። ከእናንተ አንዱን ይጠቅም ይሆናል።

የጠባችን መነሻ ቤት ነው። እናታችን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ትታልን አረፈች። ልጆቿ ሦስት ነን፤ ታላቅ እህቴ፣ እኔና ታናሽ እህታችን። ታናሻችን ትምህርቷን አቋርጣ እናታችንን አራት ዓመት አስታማለች። እኔና ታላቄ ከውጭ ገንዘብ እንልክ ነበር። ለቅሶው እንዳለፈ እኔ፣ "ቤቱ ይሸጥና ለሦስት እንካፈል፤ ሕጉም ልጆች እኩል ይወርሳሉ ነው የሚለው" አልኩ። እትዬ ደግሞ፣ "ልጅቱን ከቤት ለማስወጣት አልፈርምም" ብላ ውክልናውን እምቢ አለች። አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኳት። ያልኳትን እዚህ ብጽፈው አዘጋጁም አያወጣልኝ። በቃ፣ ስልክ ተዘጋ።

ከ14 ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ ራሷ ደወለች። "ነገ ዌልስ ልሄድ ነው። ተራራ ነው አሉ፣ ብቻዬን እፈራለሁ" አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። እትዬ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከምትንከባከባቸው መካከል አንዲት የዌልስ አሮጊት ነበሩ። ሻይ ባቀረበችላቸው ቁጥር፣ "ይህ ውሃ እኮ ከእኛ አገር ነው የሚመጣው፤ አንድ ቀን ሄደሽ እዪው" ይሏት ነበር። እሷም "እሺ" እያለች ታልፈዋለች። ሴትዮዋ ሲያርፉ ግን እሺታው ዕዳ ሆነባት።

እኔም እሺ አልኩ። ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ ናፍቃኝ ነበር፤ ምን ልዋሻችሁ።

በእሷ መኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ተጓዝን። ሬዲዮው ብቻ ነው ያወራው። ራያደር የምትባል ትንሽ ከተማ ስንደርስ አስፋልቱ ላይ በትልልቅ ፊደል "አራቭ" የሚል ተጽፏል። በዌልሽ ቋንቋ "ቀስ በል" ማለት ነው። እትዬ አነበበችው፣ እኔ ዝም አልኩ።

ውሃው ከየት ይመጣል?

የኤላን ሸለቆ የሚገኘው መካከለኛው ዌልስ ውስጥ ነው። ሰው እምብዛም የማይኖርበት፣ በግ የሞላበት ደጋ ነው። ከድሮ ጀምሮ "የዌልስ በረሃ" እያሉ የሚጠሩት አካባቢ ነው። በረሃ ሲባል ደረቅ እንዳይመስላችሁ፤ ዝናቡ አያባራም። በረሃ ያሰኘው የሰው እጦት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በርሚንግሃም በፋብሪካና በሕዝብ ተጨናንቃ ንጹሕ ውሃ አጥታ ነበር። ከተበከለ ውሃ የሚመጣ በሽታ ድሃውን ይጨርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 የብሪታንያ ፓርላማ ከተማዋ ይህንን ሸለቆ ወስዳ እንድትገድብ ሕግ አወጣ። ሥራው በ1893 ተጀመረ፤ በ1904 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ መርቀው ከፈቱት። ውሃው እስከ በርሚንግሃም 118 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ያለ ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ብቻ ነው። ቁልቁለቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 52 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ከሰው እርምጃ ዘግሞ በአንድ ቀን ተኩል ይደርሳል። ሰባት ዓመት ሙሉ ቡና ያፈላሁበት ውሃ ይህ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አይ እኔ!

መኪናችንን ካባን ኮኽ የሚባለው ግድብ ሥር አቆምን። ቁመቱ 37 ሜትር የሆነ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ሳምንቱን ሲዘንብ ስለሰነበተ ውሃው በአናቱ ሞልቶ እንደ ነጭ መጋረጃ ይወርዳል። ከዚያ ድሮ የግድቡን ድንጋይ የሚያመላልስ ባቡር የሚሄድበትን መንገድ ይዘን በሐይቁ ዳር ተጓዝን። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለማንም አይከብድም። ቀና ስትሉ ጭልፊቶች ያንዣብባሉ። ጅራታቸው ቀይ፣ እንደ መቀስ የተከፈተ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመላው ብሪታንያ ከዚህ ወፍ የቀሩት ጥቂት ጥንዶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም እዚሁ መካከለኛው ዌልስ ውስጥ። ዛሬ በሺህ ይቆጠራሉ።

አንድ ቦታ ታሪኩ የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። ግድቡ ሲሠራ መቶ ያህል ሰዎች ተነስተዋል። የእርሻ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ውሃ ውስጥ ገብተዋል። ገጣሚው ሼሊ በወጣትነቱ ያረፈባቸው ሁለት ቤቶችም እንዲሁ። ኃይለኛ ድርቅ ሲመጣ የአንዱ ቤት የአትክልት ቦታ አጥር ብቅ ይላል አሉ። ካሳ የተከፈለው ግን ለባለ መሬቶቹ ነው። በኪራይ የሚያርሱት ምንም አላገኙም።

እትዬ አንብባ ስትጨርስ፣ "አየህ፣ ባለ ወረቀቱ ተከፈለው። ሲኖርበት የነበረው ባዶ እጁን ወጣ" አለች።

ለእኔ መሆኑ ገባኝ። ደሜ ፈላ። "እዚህ ድረስ ያመጣሽኝ ልትሰብኪኝ ነው?" ብዬ ጥያት ወደ ኮረብታው ወጣሁ። መንገዱን ተውኩት። ስኒከር ተጫምቻለሁ፣ ካርታ የለኝም። ስልኬን ሳይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። እሷ ከኋላዬ "አንተ ልጅ፣ ተመለስ!" እያለች ትከተለኛለች።

አናቱ ላይ ዛፍ የለም። ጉብታ ጉብታ የሠራ ሣር፣ በመካከሉ ጥቁር ረግረግ። እናታችን የመንዝ ሰው ናት። ልጆች ሆነን ክረምት ክረምት ወደ ጓሳ አካባቢ ትወስደን ነበር። ሣሩ፣ ብርዱ፣ የበጉ ሽታ ቁርጥ እሱ ነው። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ጭጋጉ ወረደ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን ማየት አቃተኝ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ። ለማውጣት ስታገል ይብስ ይውጠኛል።

"እትዬ!" አልኩ። 14 ወር ያልጠራሁት ስም ነው።

በድምፄ መጣች። ሻርፗን ፈትታ ወረወረችልኝ፣ ይዤ ጎተተችኝ። እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ግን ቀረ። እትዬ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ተንበርክካ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጭቃው ውስጥ ከትታ ጫማዬን አወጣችው። እንደ ልጅነቴ አራግፋ አጠለቀችልኝ። እዚያ ላይ እንባዬ መጣ።

አንድ የድንጋይ ካብ፣ የድሮ የበግ በረት ይመስለኛል፣ ተጠግተን ተቀመጥን። ከፔርሙዝ ቡና ቀዳችልኝ። ፊት ለፊት አንተያይም፤ ጭጋጉ ሁለታችንንም ሸፍኖናል። ለዚህ ይሆናል አፌ የተፈታው። ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት። ከጓደኛዬ ጋር የከፈትናት ትንሽ ሱቅ ከስራ ተዘግታለች። 9,000 ፓውንድ ዕዳ አለብኝ። ቤቱ ይሸጥ ያልኩት ሕግ ገዶኝ አልነበረም፤ ጨንቆኝ ነው።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ "ይህን ብትነግረኝ ኖሮ እሰድብህ ነበር፤ ግን አልተውህም ነበር" አለች። ቀጥላም የራሷን አወጣች። እናታችን ስታርፍ የመኖሪያ ወረቀቷ ስላላለቀ አልቀበረቻትም። "እኔ እንደሆነ አፈር አላለበስኳት። ያቺን ልጅ ደግሞ ከቤቷ ካስወጣኋት ለእናቴ ምን አደረግኩላት ልበል?" አለችኝ። 14 ወር ሙሉ ስለ ቤት የምንጣላ መስሎን ነበር። እኔ የምጣላው ከዕዳዬ ጋር፣ እሷ የምትጣላው ከሐዘኗ ጋር።

ጭጋጉ ትንሽ ሲሳሳ የሽቦ አጥር አገኘን። እሱን ይዘን፣ ከታች የሚሰማንን የውሃ ድምፅ እያዳመጥን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ቀስ ብለን ወረድን። "አራቭ፣ አራቭ" ትለኛለች እየሳቀች። መንገዱ ላይ ስንደርስ ሊመሽ ነው።

ራያደር ስንገባ ኔትወርክ መጣ። እዚያው ቆመን ወደ አዲስ አበባ፣ ለታናሻችን ደወልን። ገና "ሄሎ" ስንል፣ "ሁለታችሁም አንድ ላይ ናችሁ?" ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። "እንቅልፍ የነሳኝ ቤቱ መሰላችሁ? የእናንተ መኳረፍ ነው እንጂ" አለች። አፈርኩ።

ነገሩ እንደ ፊልም አላለቀም። እትዬ ዕዳዬን አልከፈለችልኝም፤ የላትምም። በነፃ ምክር ወደሚሰጡ የዕዳ አማካሪዎች ይዛኝ ሄደች፤ ከአበዳሪዎቼ ጋር ተነጋግረው በየወሩ እንደ አቅሜ እየከፈልኩ ነው። ቤቱ አልተሸጠም። ታናሻችን ትኖርበታለች፤ ትምህርቷንም በማታ ቀጥላለች። እሷ ራሷ እንሽጠው እስክትል ድረስ ላናነሳው ተስማምተናል።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ተራራ የምትወጡ ከሆነ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ያዙ፤ ስልክ አያድናችሁም። ውሃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለሰው ተናገሩ። ተናድዳችሁ ደግሞ መንገድ አትልቀቁ። የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ካፌ ወስዳችሁ ፊት ለፊት አታፋጡት፤ አብራችሁት በእግር ሂዱ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ከባዱም ነገር ይወጣል። የጨነቃችሁንም ነገር በሌላ ነገር አትሸፍኑት።

አሁን እሁድ እሁድ እትዬ ቤት ቡና እንጠጣለን። ጀበናውን ከቧንቧው ስትሞላ "መጣልህ፣ አንድ ቀን ተኩል ተጉዞ" ትለኛለች። እኔ ያችን 20 ደቂቃ ለመሄድ 14 ወር ፈጀብኝ። እናንተስ፣ ሳትደውሉለት የከረማችሁት ሰው አለ?