ሰማይን በመኪና ጣሪያ ማየት፤ ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጣሪያው ነው፤ ግድግዳው ምንም ቢያምር፥ ጣሪያው ካልበጀ ቤት አይባልምና። በዚህ ዘመን ግን ጣሪያቸው ከፊት እስከ ኋላ መስተዋት የሆነ መኪናዎች በአዲስ አበባ መንገድ በዝተው ይታያሉ። እኛም ለቤተሰባችን መኪና ለመግዛት በተመካከርን ጊዜ ይኸው ነገር ክርክር አስነሣ። ልጆቹ መስተዋቱን ወደዱ፤ እናታችን ግን «ፀሐይ የሚያስገባ ጣሪያ ምን ጣሪያ ነው?» አሉ። ገንዘቡ የብዙ ዓመት ቁጠባ ስለ ሆነ፥ በወሬ ከመወሰን በዓይን አይቶ መፍረድ ይሻላል ብለን፥ እንዲህ ያለውን መኪና ከአንድ ዘመዳችን ተውሰን በሚያዝያ መጀመሪያ ወደ አዋሽ ተጓዝን።

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ከንጋቱ በ12 ሰዓት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የማለዳው ብርድ ጋቢ ያስደርብ ነበር። ፀሐይ በወጣች ጊዜ ግን ብርሃንዋ ከላይ ገብቶ መኪናውን ሁሉ ሞላው፥ ሙቀቱም ደስ የሚል ሆነ። በተራ መኪና የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያየው የሹፌሩን ማጅራት ነው። በዚህኛው ግን ልጆቹ ጋደም ብለው ደመናውን፥ በቢሾፍቱም በኩል ስናልፍ ከላይ የሚያንዣብቡትን አሞሮች እየቈጠሩ ተጫወቱ። መኪና የሚያዞራቸው እናታችን እንኳ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የአዳማን ፈጣን መንገድ ያለ አንዳች ሕመም ጨረሱ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «ተዘግቶብኝ የተቀመጥሁ አልመሰለኝም» ሲሉ መለሱልን።

ከአዳማ ወዲያ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ እርሻ፥ የበሰቃን ሐይቅ፥ የፈንታሌንም ተራራ እያየን ስንሄድ ቀትር ሆነ፤ የጧቱም ደስታ ወደ ጭንቀት ተለወጠ። አገራችን በምድር ወገብ አጠገብ ናት፤ አዋሽም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፥ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀትር ጊዜ ልክ በአናት ላይ ትቆማለች። በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ ግን በክረምታቸው ቀኑ እጅግ ባጠረ ጊዜ ፀሐይ በቀትር ከአድማስ በላይ የምትወጣው 18 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለዚያ አገር ሰው የመስተዋት ጣሪያ የተራበውን ብርሃን የሚያገኝበት በር ነው፤ ለቆላ መንገደኛ ግን እሳት የሚወርድበት ቀዳዳ ይሆናል። ብርሃኑ በመስተዋቱ አልፎ ወንበሩን ያሞቃል፤ ከወንበሩ የሚነሣው ሙቀት ግን በመስተዋቱ ተመልሶ ለመውጣት ይቸገራልና።

በአዋሽ ለምሳ መኪናውን ጥላ በሌለበት ስፍራ አቁመን ነበር። ተመልሰን በገባን ጊዜ ወንበሩ አላስቀምጥ አለ። መጋረጃውን እንስብ ብንል በሐዲዱ ውስጥ የገባው አቧራ ይዞት አልንቀሳቀስ አለ። ገና ጥቂት እንደ ሄድን የሁለት ዓመቱ ልጃችን ፊቱ ቀልቶ፥ ላብ አጥምቆት፥ ድምፁም ደከመ። እኛም ደንግጠን በአንድ ግራር ሥር ቆምን፤ ውሃም አጠጣነው፥ ገላውንም በረጠበ ጨርቅ አበረድነው። እናታችን ምንም ሳይናገሩ ጋቢያቸውን አውጥተው በጣሪያው ላይ አለበሱት፤ እኛም ዳርና ዳሩን በበሮቹ ቈነጠጥነው። ማቀዝቀዣውም ሥራውን ሊሠራ የቻለው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተጽናንቶ ተኛ።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1937 ናሽ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሚከፈት ጣሪያ ያለው መኪና ለገበያ አቅርቦ ነበር። በ1954 ደግሞ ፎርድ ከፊት ወንበር በላይ ያለውን ጣሪያ ብርሃን በሚያሳልፍ አረንጓዴ ፕላስቲክ ሠራው። ሰዎቹም በውስጡ ሙቀቱ ስለ ጸናባቸው የሚለጠፍ መጋረጃ ማስፈለጉ አልቀረም። የእናታችን ጋቢ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን ያስተዋልነውን እንነግራቸዋለን። ብዙ መስተዋት ክብደትን ከላይ ይጨምራል፥ ሲሰበርም ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ሲሰበር እንዳይበተን የተነባበረ መስተዋት ያለውን መምረጥ ይበጃል። የሚከፈተው ጣሪያ የዝናብ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉት፤ እነዚህ በአቧራና በቅጠል ከተደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይፈስሳልና፥ ክረምት ሳይገባ ማስጠረግ ይገባል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፥ ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ይገዛል፤ በእነዚህም ማቀዝቀዣው የሚበላው ኃይል መኪናው የሚሄድበትን መንገድ ያሳጥራል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን በሠርግ ቀን ወጣቶችና ልጆች በጣሪያው ቀዳዳ ብቅ ብለው ቆመው መሄዳቸው ነው። ሹፌሩ በድንገት ፍሬን ቢይዝ ደስታው በአንድ አፍታ ወደ ለቅሶ ይለወጣል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ መሸ፤ ከአዳማ ወዲህም ብርዱ ተመለሰ። እኛም ነገሩ ተፈርዷል፥ መስተዋቱ ቀርቷል ብለን ስናስብ፥ እናታችን መኪናው እንዲቆም አዘዙ። ወርደውም ጋቢያቸውን ከጣሪያው ላይ ገፈፉና ተከናነቡት፤ ተመልሰው ተቀምጠውም ወደ ላይ አዩ። ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ነበር። ልጁ በጭናቸው ላይ ሆኖ በጣቱ ይጠቁማል፥ እሳቸውም እያንዳንዱን ያሳዩታል። ከብዙ ዝምታ በኋላ «ግዙት፤ ነገር ግን መጋረጃው ወፍራም፥ በእጅም የሚሳብ ይሁን» አሉን።

እኛም ይህን ፍርድ ተቀበልን። ጣሪያ ቢከፈትም ቢዘጋም መልካም ነው፤ ክፉው ነገር በጊዜው መዝጋት አለመቻል ነው።