ካልፕሪት ማነው?

የጻፍነውን ኮድ በየጊዜው እየሰበሰበ የሚፈትሽልን ጄንኪንስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ፍተሻው ሲወድቅ ኢሜይል ይልካል፤ ለማን ይላክ ከሚሉት ምርጫዎች አንዱ "ካልፕሪትስ" ይባላል። የዛን ማታ ዝርዝሩ ላይ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ከተቀጠረ ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ። እኔም የቡድናችን ግሩፕ ላይ፣ ከሳቅ ምልክት ጋር፣ "ጥፋተኛው ተገኝቷል" ብዬ ጻፍኩ።

ቀልድ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። "ይቅርታ፣ አሁኑኑ አስተካክላለሁ" አለና እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የራሱን ኮድ ሲያገላብጥ ቆየ። የነካው የዕለት ሪፖርቱን ኮድ ነበር፤ የወደቁትም ከቀን ጋር የተያያዙ ፍተሻዎች ናቸው። በቃ፣ ሌላ ማን ይጠረጠራል?

ጠዋት ምክንያቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ለካ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሙከራ ሰርቨሩን የሰዓት ዞን ከአዲስ አበባ ወደ ዩቲሲ የቀየርኩት እኔው ነበርኩ። ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት የተመዘገበው ሁሉ ወደ ትናንት ተንሸራተተ። ኮድ ስላልነካሁ ስሜ የትም አልወጣም። መለስኩትና ግሩፑ ላይ "ተስተካክሏል" ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ልጁ "በጣም አመሰግናለሁ" አለኝ። እስካሁን የምትቆጠቁጠኝ ያቺ ምስጋና ናት።

ከዛ በኋላ ነው የቃሉን ታሪክ ያነበብኩት። በድሮ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ተከሳሹ "ጥፋተኛ አይደለሁም" ሲል፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ በሕግ ሰዎች ፈረንሳይኛ "ጥፋተኛ ነህ፤ ለማስረዳት ዝግጁ ነን" ብሎ ይመልስ ነበር። የተለመደው ማብራሪያ እንደሚለው ይህ አባባል መዝገብ ላይ "ኩል. ፕሪት" ተብሎ አጠረ፤ በኋላ የመጡት ደግሞ አንድ ቃል መስሏቸው ተከሳሹን ይጠሩበት ጀመር። በ1678 እ.ኤ.አ. በግድያ የተከሰሰው የፔምብሮክ ኤርል ሲዳኝ በዚህ ቃል ተጠርቷል። ያኔ ትርጉሙ "ተከሳሽ" ነበር። "ጥፋተኛ" የሆነው ቆይቶ ነው፤ ጥፋት ማለት ከሆነው "ኩልፓ" ከሚለው የላቲን ቃል ጋር መመሳሰሉም ሳያግዘው አልቀረም። ማለትም ማንም ሳይፈርድበት ቃሉ ራሱ ተፈረደበት።

የሚገርመው፣ ጄንኪንስ የሚዘረዝረው ፍተሻው ለመጨረሻ ጊዜ ካለፈበት አንስቶ ኮድ ያስገቡትን ሁሉ ነው። "ከነዚህ ጀምራችሁ ፈልጉ" ነው እኮ የሚለው። ማሽኑ የቆጠረው ተጠርጣሪ ነበር፤ ጥፋተኛ ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ቃል አያንሰውም። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ እያልን ደረጃ በደረጃ እንለያለን። በተከሳሽና በጥፋተኛ መሃል ዳኛ አለ፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 20 ላይ ተከሳሽ ፍርዱ እስኪያልቅ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። እኔ ያን ሁሉ መንገድ በአንድ ቀልድ ዘለልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁን ቡና ጋብዤ እውነቱን ነገርኩት። ዝም አለ። ከዛ፣ "እኔኮ የቱ መስመር ላይ እንደተሳሳትኩ እስከዛሬ እየፈለግኩ ነበር" አለኝ።

እዛው ቁጭ ብዬ ስልኬን አወጣሁና ግሩፑ ላይ ጻፍኩት፤ ጥፋተኛ ያልኩበት ቦታ ላይ፣ ስሜን ጠቅሼ።