ይተንፍስ ብላችሁ ሽፋኑን አታንሱ

ስታዲየም ካለው ቢሯችን ሥር አንድ ጥገና ቤት አለ። እዚያ የሚግል ዕቃ ሁሉ ሽፋኑ ተነሥቶ፣ ቬንትሌተር ዞሮበት ይውላል። "ይተንፍስ እንጂ!" ይላሉ ጋሼ። ባለ ቱቦ የሬዲዮ አምፕሊፋየር ላይ ግን ይሄ ልማድ ሰው ይገድላል።

ነገሩ ትኩረቴን የሳበው 5 ኪሎ ኢንጂነሪንግ ስማር ነው። ግቢው ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው። አማተሮች ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው ከሩቅ አገር ሰው ጋር በሬዲዮ ያወራሉ። ድምፃቸው እንዲርቅ አንዳንዶቹ አሁንም የቫኩም ቱቦ አምፕሊፋየር ይጠቀማሉ።

3-500ዜድ የሚባለውን ቱቦ እንይ። ፊላመንቱ በ5 ቮልት 14.5 አምፒር ይወስዳል፤ ገና ምንም ሳታወሩ 72 ዋት ሙቀት ማለት ነው። ስታወሩ ደግሞ አኖዱ እስከ 500 ዋት ሙቀት ይሸከማል፣ 3,000 ቮልት ገደማም አለበት። ብርጭቆውና ብረቱ የተያያዙበት ቦታ ከልክ በላይ ከጋለ አየር ይገባል፤ ቱቦው አለቀለት። ላፕቶፔ ሲግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቱቦ ግን ያለው ፋን ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ ሌላ ጣጣ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ በላይ ስለሆንን ውሃ እንኳ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አየራችን ሩብ ያህል ሳስቷል። ስለዚህ ያው ፋን እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ ለባሕር ወለል ከተሰላው ሲሶ ያህል የበለጠ አየር ያስፈልጋል። በስስ አየር ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅም በቀላሉ ይዘላል።

ሽፋኑ ሲነሣ አየሩ በቱቦው ሥር ማለፉን ትቶ በቀለለው በኩል ይወጣል። ቱቦው የባሰ ይግላል፣ 3,000 ቮልቱም ለእጅ ይጋለጣል።

መፍትሔው ሽፋኑን ሳይነኩ የተሻለ ፋን መግጠም ነው። ፊላመንቱ ሲበራ ፋኑም ይነሣ፤ አውርታችሁ ስትጨርሱ ጥቂት ደቂቃ ይዙር። የግድ መክፈት ካለባችሁ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ካፓሲተሮቹ ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይይዛሉ፤ እስኪራገፉ ጠብቁ፣ ለዚያ ቮልቴጅ በተሠራ ሜትር አረጋግጡ፣ ከመሬት በተያያዘ ዘንግም አስነኩ። ብቻችሁንም አትሁኑ።

እኛ ኮድ ጸሐፊዎች የተበላሸውን ወደ ትናንቱ መመለስ ለምደናል። እዚህ ሳጥን ውስጥ ትናንት የሚባል የለም።