አምስት ብቻ ምረጥ ቢሉኝ

አንባቢ ሆይ፤ ከኢትዮጵያ የኳስ ተጫዋቾች ሁሉ፥ ከቀድሞዎቹም ከአሁኖቹም፥ አምስት ብቻ ምረጥ ቢሉህ እነማንን ትመርጣለህ? ዐሥራ አንድ ቢሆን ነገሩ ይቀላል። አምስት ሲሆን ግን ብዙ ሰው መተው ግድ ነው፤ የመራጩም ጠባይ የሚታወቀው በተዋቸው ሰዎች ነው።

ይህን ጥያቄ ያመጡብኝ በኮልፌ ቀራንዮ የማስተምራቸው ልጆች ናቸው። በምሳ ዕረፍት ድንጋይ አቁመው አምስት ለአምስት ይጫወታሉ። ሜዳው ጠባብ ነው፤ ጨዋታውም ደወል ሲደወል ያበቃል። እኔም ቡድኔን የመረጥሁት ለእንዲህ ያለው አጭር ጨዋታ ስለ ሆነ፥ ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ ሰው አላስፈለገኝም።

ለግቡ ጊላሚካኤል ተክለ ማርያምን አቆምሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ግቡን የጠበቀ እርሱ ነው። ከፊት መንግሥቱ ወርቁን አሰለፍሁ። በዚያ ቀን የመጨረሻዋን ግብ ያገባው የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ፥ በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በጠቅላላው 10 ግቦች አስቆጥሯል።

ከእርሱ ቀጥሎ ሳላዲን ሰኢድን ስጠራ፥ «ቲቸር፥ ዛምቢያ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አምክኖ የለም ወይ?» አሉኝ። እውነት ነው። ነገር ግን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ግቦቹን ያገቡት እርሱና አዳነ ግርማ ናቸው። አራተኛው ሰው እንግዲህ አዳነ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ስንጫወት፥ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ያደረገን እርሱ ነው። ያም ቀን ጥር 13 ነበር፤ ዓመቱ ግን 2005 ዓ.ም.።

አምስተኛው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው ስላቸው ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ተነሥቶ፥ «እርሱ እኮ አሥመራ የተወለደ፥ አባቱም ጣሊያን ነው፤ የኛ አይደለም» አለ።

«የ1954ቱ ቡድን አምበል ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ግብፅ 2 ለ 1 እየመራች ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አቻ ያደረገን ሉቻኖ ነው። ያቺ ግብ ባትገባ ጭማሪ ሰዓት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ሦስተኛዋን ያገባውም ወንድሙ ኢታሎ ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ የእኛ ካልሆነ፥ ዋንጫው የማን ሊሆን ነው?

ልጁ ዝም አለ፤ እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ከኋላ ወንበር ከሩቅ አገር በቅርቡ የመጣ፥ አማርኛው ገና ያልቀናለት ተማሪ ተቀምጧል። በምሳ ዕረፍት ቡድን ሲመረጥ ማንም ስሙን አይጠራም፤ ሁልጊዜ ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል። እኔም ብዙ ቀን አይቼ፥ የልጆች ነገር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሲጫወት ላላየሁት ለሉቻኖ ስከራከር፥ በዐይኔ ለማየው ልጅ አንድ ቃል እንዳልተናገርሁ ያን ጊዜ ታወቀኝና አፈርሁ።

በማግስቱ ወደ ሜዳው ወርጄ፥ «ዛሬ አንዱን ቡድን የሚመርጠው እርሱ ነው» አልኋቸው። ልጁ መጀመሪያ በጣቱ ያመለከተው ያን ተከራካሪ ነበር፤ ፈጣን ሯጭ መሆኑን ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ሲያይ ከርሟልና። 3 ለ 1 ተሸነፉ። ደወል ሲደወል ግን ሁለቱ ተሸናፊዎች ማን ኳሱን እንዳበላሸ እየተጨቃጨቁ አብረው ወደ ክፍል ገቡ።

አንባቢ ሆይ፤ በምርጫዬ ካልተስማማህ የራስህን አምስት ምረጥ። ስትመርጥ ግን ከሜዳው ዳር ማን እንደ ተቀመጠ አንድ ጊዜ ዘወር ብለህ ተመልከት።